ፊታቸው የተበላ ዲናሮች

በወንጌል የታወቀ ታሪክ ነው። ፈሪሳውያን ለቄሣር ግብር መክፈል ይገባል ወይስ አይገባም ብለው ክርስቶስን በንግግር ሊያጠምዱት መጡ። እሱም አስቀድሞ የግብሩን ገንዘብ አስመጣ። ዲናር ቀረበለት። መልኩም ጽሑፉም የማን እንደሆነ ቢጠይቃቸው፣ የቄሣር መሆኑን ለመመለስ አላመነቱም። ከዚያ ቀጥሎ የተናገረው ቃል ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ ሲሰበክ፣ ሲተረጎም፣ ሲያከራክርም ኖሯል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ጥያቄ ነው። ፈሪሳውያኑ ፈጥነው የመለሱት በእጃቸው የነበረው ዲናር መልኩ ያልጠፋ ስለነበረ ነው። መቶ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የኖረ፣ አፍንጫውና ጆሮው የተበላ፣ ፊደሉ የተፋቀ ዲናር አምጥተው ቢሆን ኖሮ ምን ይሉ ነበር?

ጥያቄው እኔን የገጠመኝ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ለንደን ከተማ ከአንድ የጥንት ሳንቲም ነጋዴ ዐሥራ ሁለት የሮማ ዲናሮች በጅምላ ገዛሁ። ነጋዴው በፖስታው ላይ «የሮማ ብር፣ ያረጀ፣ 12 ፍሬ» ብሎ ከመጻፍ በቀር ሌላ ያለው ነገር አልነበረም። ከየት እንደተገኙ አልተጻፈም፤ የነማን እንደሆኑም እንዲሁ። የአንዱ ፍሬ ዋጋ በከተማው መካከለኛ ምግብ ቤት ከአንድ ሰው ራት አይበልጥም። ፊታቸው የጠራ ቢሆን ኖሮ ዋጋቸው ለእኔ ኪስ የሚቀመስ አልነበረም። ዐሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ ለይቼ ለማወቅ ብዙ ምሽቶች ፈጅተውብኛል። ከዚህ በታች የምጽፈውም የልየታውን አካሄድና ሥራው ስለ ገንዘብ ያስተማረኝን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉትን «ቅ.ል.ክ.» እላለሁ።

የአንድ ቀን ድካም

ዲናር መሠራት የጀመረው በ211 ቅ.ል.ክ. ገደማ፣ ሮማ ከካርታጎው የጦር መሪ ከሐኒባል ጋር የሞት ሽረት ትግል በገጠመችበት ጊዜ ነው። ስሙ ከላቲኑ «ዐሥር» የወጣ ነው፤ አንዱ የብር ዲናር በዐሥር የነሐስ ሳንቲም ይመነዘር ነበርና። ኋላ ምንዛሪው ወደ ዐሥራ ስድስት ቢለወጥም ስሙ አልተለወጠም። ከላቲን ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ምሥራቅ ቋንቋዎች ተሻግሮ ዛሬም ኩዌት፣ ዮርዳኖስና ኢራቅ ገንዘባቸውን ይጠሩበታል። በወንጌሉ ምሳሌ የወይን ቦታው ሠራተኛ የዕለት ደመወዝ አንድ ዲናር እንደነበረ አንባቢ ያስታውሳል። እንግዲህ እያንዳንዱ ፍሬ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ድካም ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ሲጀመር 4.5 ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ 3.9 ግራም ወረደ። ኔሮን ቄሣር ደግሞ በ64 ወደ 3.4 ግራም አወረደውና ብሩንም በመዳብ በረዘው። ስለዚህ ለለዪው የመጀመሪያው መሣሪያ ሚዛን ነው። ሚዛን ግን ያረጀ ሳንቲም ላይ የሚመሰክረው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሳንቲሙ ተበልቶም ከ3.5 ግራም በላይ ከሆነ ከኔሮን ለውጥ በፊት የተሠራ ለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ነው። ቀላል ከሆነ ግን ሲወለድም ቀላል ይሁን ኋላ የከሳ ይሁን ሚዛኑ አይነግረንም። ከዐሥራ ሁለቱ መካከል አንዱ 3.6 ግራም ስለመዘነ ወደ ጥንቶቹ ወገን አስቀመጥኩት። አልተሳሳተም። በአንድ ገጹ የራስ ቁር የደፋች የሮማ አምላክ ራስ፣ በሌላው ሁለት ፈረሶች የሚስቡት ሠረገላ በጥላ መልክ ይታያል። ቄሣር የሚባል ከመነሣቱ በፊት፣ ሮማ በምክር ቤት ትመራ በነበረበት ዘመን፣ በ2ኛው ምዕተ ዓመት ቅ.ል.ክ. አጋማሽ ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። በጠርዙ አጠገብ ትንንሽ የመውጊያ ምልክቶች አሉበት። የጥንት ገንዘብ መርማሪዎች ሳንቲሙ ውስጡ መዳብ፣ ላዩ ብር የተለበጠ እንዳይሆን ፈርተው የሚወጉበት ምልክት ነው። ዲናር በተሠራበት ዘመን ሁሉ አታላይም ተጠራጣሪም አልጠፋም ማለት ነው።

ከፀጉርና ከጢም

የተበላ ሳንቲም በፊት ለፊት ብርሃን ሲያዩት የሚያብለጨልጭ ጠፍጣፋ ነገር ነው። መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገው ሳንቲሙን ቀስ ብለው ሲያዞሩት ግን የተደበቀው መስመር ጥላ እየጣለ ይወጣል። ሌላው ዘዴ ልጆች ሆነን የምናውቀው ነው፤ ሳንቲሙን ከወረቀት ሥር አድርጎ በእርሳስ ማሸት። ስንቶቻችን የሳንቲሙን አንበሳ በደብተራችን ላይ እንዲህ አትመናል! ዓይን የማያየውን ከፍታና ዝቅታ እርሳሱ ይቆጥረዋል። ማጠብና መፈግፈግ ግን ክልክል ነው፤ ሁለት ሺህ ዓመት ያተረፈውን አንድ ቀን ፍቆ ይጨርሰዋልና።

መጀመሪያ የሚበላው ከፍ ያለው ክፍል ነው፤ በንጉሡ ራስ ላይ ከጆሮው በላይ ያለው ፀጉር፣ ጉንጩና ቅንድቡ፣ በጀርባው ደግሞ የቆመችው ሴት ደረትና ጉልበት። መጨረሻ የሚቀረው የራሱ ዙሪያ መስመር ነው። ሰው ጎረቤቱን ከሩቅ በአረማመዱ እንደሚለየው ሁሉ፣ ለዪውም ቄሣሮችን በግንባር፣ በአፍንጫ፣ በአንገትና በአገጭ መስመር መለየት መልመድ አለበት።

ከሁሉ የሚረዳው ጢም ነው። ከሐድርያን በፊት የነበሩት ቄሣሮች በአብዛኛው የተላጩ ናቸው። ከ117 እስከ 138 የነገሠው ሐድርያን ጢሙን አሳደገና ከሱ በኋላ የመጡት አንድ መቶ ዓመት ያህል ልማዱን ተከተሉት። በዚህ ብቻ ፖስታው ለሁለት ተከፈለ።

ካልተላጩት ወገን ሁለቱ ሐድርያን ሆነው ተገኙ። ያወቅኋቸው በተጠቀለለው ፀጉርና ባጭር ጢም ነው። በአንዱ ጀርባ ጨረቃና በመካከሏ ሰባት ከዋክብት አሉ፤ እንዲህ ያለው ምስል ቢበላም አይጠፋም። በላዩ የቀረው ጽሑፍ በአማርኛ ድምፁ «ኮስ» የሚል ሲሆን ቀጥሎ ሦስት ጭረት አለ። ሮማውያን የማዕረግ ስሞችን እያሳጠሩ ነበር የሚጽፉት፤ «ኢምፕ» የጦር የበላይ አዛዥ፣ «አውግ» አውግስጦስ፣ «ኮስ» ደግሞ ቆንስል ማለት ነው። ቁጥሩ ስንተኛ ጊዜ እንደተሾመ ይናገራል። ሐድርያን ሦስተኛውን ቆንስልነት የያዘው በ119 ነው። ከዚያ እስኪሞት ድረስ ደግሞ አልያዘውም። ስለዚህ ጽሑፉ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚሸፍን ዘመን እንጂ አንድ ዓመት አይሰጠንም።

ሦስቱ የትራያን ናቸው። ትራያን ከ98 እስከ 117 ነገሠ። ፀጉሩ ከአናቱ ወርዶ በግንባሩ ላይ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ አንገቱ ረጅም፣ ጢም የሌለው ነው። ከሦስቱ በአንዱ ጀርባ ቅርንጫፍ የያዘች ሴት ቆማለች፤ በእግሯ ሥር ደግሞ አንድ ትንሽ እንስሳ አለ። ፊደሉ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የእንስሳው ቀጫጭን እግሮችና ጀርባው ላይ ያለው ጉብታ ግን ግመል ላየ ሰው አያሻማም። ትራያን በ106 ፔትራን መናገሻው ያደረገውን የናባታውያን መንግሥት ወስዶ «ዓረቢያ» የሚል አውራጃ አደረገው፤ ጽሑፉ ሳይጠፋ የሚለውም ዓረቢያ ተገኘች ነው። የዕጣንና የከርቤ መንገድ በሮማ እጅ መግባቱን ለእያንዳንዱ ወታደርና ገበያተኛ በኪሱ የነገረው ይህ ግመል ነበር።

ሁለቱ የቬስፓስያን ናቸው። ወፍራም አንገት፣ በራ፣ የገበሬ ፊት ነው። በአንደኛው ጀርባ ሁለት በሬዎች በቀንበር ተጠምደው ይታያሉ። በ77 ወይም በ78 የተሠራ ነው። ጥማድ በሬ እያየ ያደገ የአገሬ ሰው ይህንን ለመለየት መጽሐፍ አይሻም። ሁለተኛው ግን ያሳዝናል። አንዲት ሴት በጦር ምርኮ ዕቃ ሥር ራሷን በእጇ ደግፋ ተቀምጣለች። ጉልበቷና ትከሻዋ ተበልተው ቀርተዋል፤ ማዘኗ ግን አሁንም ይታወቃል። ይህች ሴት ይሁዳ ናት። የቬስፓስያን ልጅ ጥጦስ በ70 ኢየሩሳሌምን ይዞ ቤተ መቅደሱ ሲቃጠል፣ አባቱ ድሉን ያሳወጀው በዚህ ዓይነት ሳንቲም ነበር። የአንድ ሕዝብ መከራ ለሌላው የዳቦና የወይን ጠጅ መግዣ ሆኖ ሲዞር ኖረ።

አንዷ ደግሞ ሴት ናት። ሹሩባዋ ተጎንጉኖ በአናቷ ላይ ተጠምጥሟል። ፊቷ ከጠፋም በኋላ ጥምጥሙ አለ። ይህች የአንጦኒኖስ ፒዩስ ሚስት ፋውስቲና ናት። በ140 ገደማ ስትሞት ባልዋ ከአማልክት ጎራ አስቆጥሮ ቤተ መቅደስ ሠራላት። እሱ በ161 እስኪሞት ድረስም ስሟን የያዘ ሳንቲም አሠራላት። ቤተ መቅደሱ ዛሬም ሮማ ከተማ መካከል ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቆሟል።

እስካሁን የተለዩት ዘጠኝ ናቸው። የተለየውን ሁሉ ከ1923 ጀምሮ በተከታታይ ጥራዝ ከወጣው የሮማ ንጉሠ ነገሥታት ሳንቲሞች መዝገብ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ዛሬ ማንም ሰው በኮምፒዩተር ያለ ክፍያ ሊያየው ይችላል። መዝገቡ ግን የሚረዳው ምን እንደሚፈልግ ላወቀ ሰው ነው።

የተሸናፊው ብር

ዐሥረኛው ሳንቲም ላይ የንጉሥ ፊት የለም። በአንድ ገጹ ቀዛፊዎች የሚነዱት የጦር መርከብ አለ፤ መቅዘፊያዎቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረዋል። በሌላው ገጽ ሦስት ዘንጎች ቆመዋል፤ የመካከለኛው ጫፍ ላይ ክንፉን የዘረጋ ንስር ነበረ፤ አሁን የቀረው እብጠት ብቻ ነው። ከሥራቸው የጦር ክፍሉ ቁጥር ይጻፍ ነበር፤ ከዚህኛው ላይ ጠፍቷል። የጦር ክፍሉ ስንተኛ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። የማን እንደሆነ ግን ጥርጥር የለውም፤ የማርክ አንቶኒ ነው።

አንቶኒ ይህንን ገንዘብ ያሠራው በ32 እና በ31 ቅ.ል.ክ.፣ ከግብጽዋ ንግሥት ከክሊዎፓትራ ጋር ሆኖ ኦክታቪያንን ሊወጋ ሲዘጋጅ ነው። ለሠራዊቱና ለመርከበኞቹ ደመወዝ ያስፈልገው ነበር። በመስከረም 31 ቅ.ል.ክ. አክቲየም ላይ ተሸነፈ፤ በዓመቱም ራሱን ገደለ። አሸናፊው አውግስጦስ ተብሎ ዓለምን ገዛ። እንደ ታሪክ ልማድ ቢሆን የተሸናፊው ገንዘብ ከተሸናፊው ጋር ማለቅ ነበረበት።

አላለቀም። የአንቶኒ ብር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በገበያ ዞሯል፤ በ3ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከተቀበሩ የገንዘብ ማሰሮዎች ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። በዚያ ጊዜ ያሠራው ሰው ስም በአብዛኞቹ ላይ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። በ160ዎቹ ማርቆስ አውሬልዮስና ሉክዮስ ቬሩስ ያንኑ መርከብና ንስር አስመስለው እንደ ገና አሠርተዋል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሕዝቡ አንቶኒን ስለወደደው አይደለም። አንቶኒ ጦርነት ላይ ስለነበረ በብሩ ውስጥ ከተለመደው የበዛ መዳብ ጨምሮበታል። ጸሐፊው ፕሊኒ ብረት ቀላቀለበት ብሎ ይከሰዋል፤ የዘመናችን ምርመራ ያሳየው ግን መዳብ ነው። ከንጹሑ ዲናር ጋር አብሮ ሲዞር ሰው ያደረገው ዛሬም እኛ የምናደርገውን ነው። ጥሩውን ቀበረ፤ የተጠረጠረውን ከፈለ። የተቀበረው አረፈ፤ የተከፈለው ሲዞር ተበላ። ኔሮን ዲናሩን ካወረደው በኋላ ደግሞ የቀድሞዎቹ ንጹሕ ብሮች ለመቅለጥ ተፈለጉ። ካስዮስ ዲዮ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እንደሚነግረን ትራያን እጅግ ያረጁትን ሳንቲሞች ሰብስቦ አቅልጧል። የአንቶኒው ብር ቢያቀልጡት ብዙ ትርፍ ስለማይገኝበት አመለጠ። ጉድለቱ ዕድሜ ሰጠው ማለት ነው።

ስለዚህ መበላት የራሱ ምስክርነት አለው። ምስሉ ገዢው ስለ ራሱ የተናገረው ነው፤ ድል አደረግሁ፣ ዓረቢያን ያዝሁ፣ ሚስቴ አምላክ ሆነች ይላል። መበላቱ ግን ተገዢዎቹ በገንዘቡ ምን እንዳደረጉበት ይናገራል። አዲስ እንደ ወጣ ያለ፣ ፊቱ የሚያበራ ሳንቲም ያማረ ይሁን እንጂ ብዙውን ዘመኑን ያሳለፈው ከመሬት ሥር ነው።

ሰው የሚያምነው ገንዘብ

ዐሥራ አንደኛው የሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ነው። ጢሙ ከአገጩ በታች በየጉንጉኑ ተከፍሎ ስለሚወርድ ይለያል። በዛሬይቱ ሊቢያ በሌፕቲስ ማግና ተወልዶ ከ193 እስከ 211 የነገሠ አፍሪካዊ ቄሣር ነው፤ የሞተውም በብሪታንያ፣ በዮርክ ነው። ከፖስታው ውስጥ ከሁሉ ያነሰ የተበላው ይኸው ነው። በብሩ ግን ከሁሉ የባሰው ነው። በአውግስጦስ ዘመን ዲናር ንጹሕ ብር ነበር ማለት ይቻላል። ሴቬረስ በዙፋን ለመርጋት ሠራዊቱን በደመወዝ ሲይዝ የብሩን መጠን ወደ ግማሽ ገደማ አወረደው። ላዩ ግን ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ሠራተኞቹ ክቡን በእሳትና በአሲድ አድርገው የላዩን መዳብ ስለሚያወጡለት ነው። ቆዳው ብር፣ ሥጋው ግማሹ መዳብ ነው። ሲበላ ውስጡ ይገለጣል።

ልጁ ካራካላ በ215 ሌላ ሳንቲም አወጣ። የሁለት ዲናር ዋጋ እንዳለው ይታመናል፤ በውስጡ ያለው ብር ግን የአንድ ዲናር ተኩል ያህል ብቻ ነበር። በ270 አካባቢ የዚህ ሳንቲም ብር ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም ነበር። የቄሣሩ መልክ እስከ መጨረሻው በቦታው ነበረ። ያለቀው ብሩ ነው።

ይህንን ነገር ከሮማ ውጭ ያሉት ሕዝቦች ቀድመው ነበር ያወቁት። ታኪተስ በ98 ስለ ጀርመኖች ሲጽፍ አሮጌውንና ለረጅም ጊዜ የሚያውቁትን ገንዘብ ይመርጣሉ፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተቆራረጠውንና ባለ ሠረገላውን ይሻሉ ይላል። ባለ ሠረገላው በእኔ ፖስታ ውስጥ ያለው 3.6 ግራሙ ዓይነት ነው። ፕሊኒም ስለ ስሪላንካ ንጉሥ ያወራው አለ፤ በነፋስ ተገፍቶ እዚያ በደረሰ ሮማዊ እጅ የተገኙትን ዲናሮች አይቶ፣ ፊታቸው የተለያየ ሲሆን ሚዛናቸው አንድ በመሆኑ ሮማውያንን አደነቃቸው።

እኛም ይህንን ዓይነቱን ጥንቃቄ ከራሳችን ታሪክ እናውቀዋለን። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው፤ ብሯ ግን ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮማ፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር ተመቷል። የአገራችን ገበያተኛ ንግሥቲቱ የት እንደምትገኝ ባያውቅም በጌጧ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እየቆጠረ፣ ፊቷ የተበላውን እየመለሰ ተቀበላት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ብር ሲያስወጡ እንኳ ሰው የለመደውን ማርትሬዛ በቀላሉ አልለቀቀም። ጀርመኑና የእኛ ሰው የደረሱበት መደምደሚያ አንድ ነው፤ ገንዘብ የሚታመነው ከቆየ ትውውቅ ነው። ልዩነቱ በምልክቱ ነው። ለጀርመኑ ዕድሜ መታመኛ ሲሆን፣ ለእኛ ገበያተኛ መበላት የሚዛን ጉድለት ነበረ።

ዲናሩ ራሱም ወደ እኛ አካባቢ ደርሷል። በ1ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈው የቀይ ባሕር የነጋዴዎች መምሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል፣ እዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት ዲናር ይቆጥራል። ጥቂት ማለቱ ልብ ይባል። የአገሩ ሰው ግብይቱን በሌላ መንገድ ይፈጽም ነበር ማለት ነው። አክሱም የራሷን ሳንቲም ያወጣችው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ270 ገደማ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ነው። የሮማ ብር መዳብ ወደ መሆን በተቃረበበት በዚያው ወራት አክሱም በወርቅና በብር ወደ ገበያው ወጣች። ኋላ የአክሱምም ወርቅ እየቀጠነ መሄዱ አልቀረም።

ዐሥራ ሁለተኛው

አንዱ ቀረ። ብዙ ሞከርኩበት፤ መብራት ከጎን፣ እርሳስ፣ አጉሊ መነጽር፣ ሚዛን። 2.4 ግራም ነው። ጀርባው ልሙጥ ነው። በፊቱ በኩል የአንገት መስመር አለ፤ አገጩ ያለበት ቦታ ስለተበላ ጢም ይኑረው አይኑረው አይታወቅም። ከጽሑፉ የቀሩት ሦስት ፊደላት ናቸው፤ «አውግ» ይላሉ። አውግስጦስ ማለት ነው። ይህ ማዕረግ ከመጀመሪያው ቄሣር ጀምሮ ሁሉም የያዘው ስለሆነ የማን እንደሆነ አይነግርም። ስሙ ሄዶ ማዕረጉ ቀረ።

እንዲህ ሲሆን ለመገመት ልብ ይፈተናል። ትራያን ነው ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ የትራያን ሳንቲም ብዙ ነውና የመሆን ዕድሉም አለ። እኔ ግን በወረቀቱ ላይ «ዲናር፣ ባለቤቱ ያልታወቀ» ብዬ ጽፌለታለሁ። ግምት አንድ ጊዜ በጽሑፍ ከሰፈረ ቀጣዩ ሰው እንደ እውነት ይወስደዋል።

የነጋዴው ፖስታና የመሬቱ ማሰሮ

አሁን ዐሥራ አንዱ ታውቀዋል። ከጥንታዊው ባለ ሠረገላ እስከ ሴቬረስ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ይሸፍናሉ። አንድ ማሰሮ ውስጥ አብረው ተገኝተው ቢሆን ኖሮ አዲሱ ሳንቲም ማሰሮው መቼ እንደተዘጋ ይነግረን ነበር፤ ከሴቬረስ ዘመን በፊት ሊቀበር አይችልምና። የአንቶኒው ብር በዚያ ጊዜ ገና በሥራ ላይ እንደነበረም ማስረጃ ይሆን ነበር። ግን አብረው መገኘታቸውን የሚናገር የለም። አንዱ ከሶርያ፣ ሌላው ከቡልጋሪያ፣ ሦስተኛው ከእንግሊዝ እርሻ ሊሆን ይችላል። ያሰባሰባቸው የነጋዴው ጣት ነው። እያንዳንዱን ማንነቱን መመለስ ቻልኩ፤ ጎረቤቱን ግን ልመልስለት አልችልም።

ጎረቤት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በ2010 በእንግሊዝ አገር ፍሮም አጠገብ የተገኘው ማሰሮ ያሳያል። ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዞ ሲፈልግ የነበረ ሰው ማሰሮውን እንዳየ መቆፈሩን አቁሞ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎችን ጠራ። እነሱም 52,503 ሳንቲሞችን ከላይ ወደ ታች በንብርብር አወጡ። በ280ዎቹ መጨረሻና በ290ዎቹ መጀመሪያ የነገሠው የካራውስዮስ ሳንቲሞች ከሁሉ አዲሶቹ ስለሆኑ በላይ ይገኛሉ ተብሎ ሊጠበቅ ይችላል። የተገኙት ግን በብዛት ከማሰሮው አጋማሽ በታች ነበር። ስለዚህ ማሰሮው በየዓመቱ የሚጨመርበት የቁጠባ ዕቃ ሳይሆን ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የፈሰሰበት መሆኑ ታወቀ። ያ ሰው በደስታ ሁሉንም በማዳበሪያ ከረጢት ገልብጦ ቢሄድ ኖሮ ሳንቲሞቹ እነዚያው ይሆኑ ነበር፤ ታሪካቸው ግን አይኖርም። በእንግሊዝ ከ1996ቱ ሕግ ወዲህ አብረው የተገኙ ሁለትና ከዚያ በላይ ጥንታውያን የብር ሳንቲሞችን አለማሳወቅ ወንጀል ነው።

ይህንን የምጽፈው ለሮማ ብቻ አዝኜ አይደለም። በአክሱም አካባቢ ዝናም ማሳውን ባጠበ ቁጥር ትንንሽ የነሐስና የብር ሳንቲሞች ይወጣሉ። ልጆች ይለቅሙና ለጎብኚ ይሸጣሉ፤ ጎብኚው በኪሱ ይዞ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ በለንደን ወይም በኒውዮርክ «የአክሱም ሳንቲም፣ ያረጀ» ተብሎ በፖስታ ሲሸጥ፣ እንደ እኔ ያለ ገዢ ኢዛና ይሁን ካሌብ ሊለይ ይችል ይሆናል። ከየትኛው ማሳ፣ ከየትኛው ቤት ወለል፣ ከየትኛው መቃብር እንደወጣ ግን ማንም አይነግረውም። አዋጅ ቁጥር 209 በ1992 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሲወጣ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለባለሥልጣን እንዲነገር ደንግጓል። ሕጉ አለ። የሚቀረው ሳንቲሙን ያገኘው ልጅ ከማንሣቱ በፊት፣ ቢያነሣም ቦታውን አስታውሶ እንዲናገር የሚያደርገው ዕውቀት ነው። ያም ከመምህሩና ከወላጁ ይጀምራል።

እኔ በበኩሌ ከእንግዲህ የመጣበት ያልተጻፈ ፖስታ አልገዛም። ዐሥራ ሁለቱን ዲናሮች እያንዳንዳቸውን ለብቻ በወረቀት ጠቅልዬ ሚዛናቸውን፣ የታየባቸውንና ያልታየባቸውን ጽፌ አስቀምጫለሁ። በሁሉም ወረቀት ላይ «የተገኘበት ቦታ» ከሚለው አንጻር ያለው መስመር ባዶ ነው።